እርሳስ የማይወድ በርሜል

ግሎክ የሚባለው የኦስትሪያ ሽጉጥ ከማስጠንቀቂያ ጋር ነው የሚሸጠው። ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ፣ ልባስ የሌለው የእርሳስ አረር እንዲተኮስበት አምራቹ አይመክርም፤ በቤት የተሞላ ጥይት ተተኩሶበት ቢበላሽም ዋስትናው አይሠራም። የእርሳሱ ነገር የመጣው ከበርሜሉ ነው። የአብዛኛው ሽጉጥ በርሜል ከውስጥ ሲያዩት ጠርዛቸው የሰላ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸውበታል። የግሎኩ እንዲህ ያለ ቦይ የለውም፤ ቀዳዳው ራሱ ስድስት ጎን ሆኖ፣ ማዕዘኖቹ ለዘብ ብለው፣ እየዞረ እስከ አፈሙዙ ይሄዳል። ይህ ልስላሴ ለመዳብ ልባስ ተመችቶታል። ለእርሳስ አልተመቸውም።

አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኳሾች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ጭቅጭቁ የወጪ ነው፤ እርሳስ አቅልጦ የራሱን ጥይት የሚሠራ ሰው ከሱቅ ከሚገዛው ያነሰ ያወጣል። ከሰሜን ሸዋ፣ ከራቤል፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የግሼና የመንዝ ደገኛ ከጠመንጃ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ ገበያም ለቅሶም ሲወጣ ትከሻው ላይ ነው። የዚህ ዝምድና ታሪክ ሲተረክ የሚነሣው ማን ስንት ጠመንጃ አስገባ፣ ማን ከማን ማረከ የሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጥይቱን ማን መሥራት ይችል ነበር? በርሜል በተሻሻለ ቁጥር ጥይት የመሥራት አቅም ከባለጠመንጃው እጅ እየወጣ ወደ ፋብሪካ ሄዷል። ባለብዙ ጎኑ በርሜል በዚህ መንገድ ላይ የመጣ የቅርብ ነገር ነው፤ አመጣጡን ካላዩ ደግሞ ማስጠንቀቂያው የነጋዴ ብልጠት ብቻ ይመስላል።

የሸዋ ነገሥታት መነሻቸው መንዝ ነው፤ የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ነጋሢ ክርስቶስ የአጋንቻ ሰው ነበር። የልጅ ልጆቹ አንኮበር ተቀምጠው ግዛታቸውን ሲያሰፉ ጠመንጃ የንጉሥ ንብረት ነበር እንጂ የገበሬ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ ከገጸ በረከቱ ሁሉ ልባቸውን የሳበው መሣሪያው ነው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩርም የራሱን ውል ይዞ ሲመጣ ዓይናቸው ያረፈው እዚያው ላይ ነው።

ያ ዘመን የልሙጥ በርሜል ዘመን ነው። ልሙጥ በርሜል ስለ አረሩ ብዙ አይጠይቅም። ድቡልቡሉ አረር ከቀዳዳው ትንሽ ያነሰ ይሁን እንጂ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአፈሙዝ ይጎርሳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም የማገዶ እሳት ሳይቸገር የሚደርስበት ሙቀት ነው። እርሳስ ቢጠፋ ቀጥቃጩ ብረት አድቦልቡሎ ቢያቀርብም ጠመንጃው አይመልስም። ባሩዱም ከድኝ፣ ከከሰልና ከባሩድ ጨው እዚሁ አገር ይወቀጥ ነበር። ጉድለቱ የታወቀ ነው፤ ከመቶ ሜትር ካለፈ የት እንደሚመታ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቢሆንም የተኩሱ ግብዓት ከሞላ ጎደል በአካባቢው ሰው እጅ ነበረ። ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ቀጥቃጭ ግን በቡዳነት የሚታማ፣ ጋብቻ የሚነፈግ ሰው ነው። ንጉሡን ያስከበረ መሣሪያ እንዲጮህ የሚያደርገው እጅ የተናቀው እጅ መሆኑ ከታሪካችን አሳፋሪ ገጾች አንዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስፈሰሱት የገዛ አገራቸው ባለሙያ የተናቀ ሆኖ ባገኙበት አገር ነው።

በርሜሉ ውስጥ ቦይ ሲቀረጽ ነገሩ ተለወጠ። አረሩ እንዲሽከረከር፣ ተሽከርክሮም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ጠመዝማዛው ቦይ ሊነክሰው ይገባል፤ እንዲነክሰው ደግሞ በርሜሉን ጥርቅም አድርጎ መሙላት አለበት። እዚህ ላይ የእርሳስ ልስላሴ ጸጋ ሆነ። ከኋላ የሚገፋው ጋዝ የአረሩን መቀመጫ ያሰፋውና ቦዩ ውስጥ ይሞላዋል። የእንግሊዙ ስናይደር፣ እኛ ስናድር የምንለው፣ ባለ 31 ግራም ለስላሳ የእርሳስ አረር በዚህ መላ ይተኩስ ነበር። ይህ ጠመንጃ በጦር ሜዳ በሰፊው ከታየባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የኛው አገር ነው፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ ግርጌ፣ እሮጌ ላይ። ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘው የቴዎድሮስ ጦር ከኋላ ከሚጎርሰው ስናድር ፊት ሲቆም የሆነው ይታወቃል። በኢትዮጵያውያን ወገን የሞተው ወደ 700 ይገመታል፤ በእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ከነዚያም ሁለቱ ናቸው በኋላ የሞቱት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የውጅግራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ግራ ጠመንጃ ጥይት ሲያዩት የጣት ያህል ወፍራም የነሐስ ቀለህ ነው፤ አፉ ላይ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ተቀምጦበታል። እርሳሱን ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ወገቡ ላይ ቀጭን ወረቀት ተጠምጥሞበታል። ወረቀቱ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል እየፈጠነ ሲወጣ እርሳሱ ከብረቱ ጋር እንዳይፋተግ፣ ተፋትጎም በርሜሉ ላይ እንዳይጋገር የሚለይ ሽፋን ነው። ተኩሱ ሲወጣ ወረቀቱ ተቀዳዶ ከአፈሙዙ ፊት ይበተናል። እርሳስና በርሜል በቀጥታ እንዳይነካኩ አንድ ነገር መሐላቸው አግባ የሚለው ሐሳብ፣ ዛሬ ስለ ባለብዙ ጎኑ በርሜል የሚከራከሩ ሰዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩት ሐሳብ፣ የምኒልክ ወታደር ዝናር ላይ ተደርድሮ ነበር።

ይህ ጠመንጃና ሬሚንግተን፣ ከነሱም ጋር ነጋዴ ያግበሰበሰው አሮጌ ሁሉ ሸዋን ሞላው። ገጣሚው አርቱር ራምቦ ሳይቀር ወደ 2,000 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደርሷል፤ ምኒልክ አንኮበር አልነበሩምና እንጦጦ ድረስ ተጉዞ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ እያማረረ ተመለሰ። የጥይቱ ክብር እስከ ምን እንደ ደረሰ ለማወቅ ገበያውን ማየት ይበቃል። ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። አንድ ዕቃ ገንዘብ የሚሆነው ሁሉም ሲፈልገውና እንደልብ ሳይገኝ ሲቀር ነው። አረሩን እዚህ ማፍሰስ ይቻላል፤ ቀለሁም ተለቅሞ በጥቁር ባሩድ ይሞላል። ነሐሱንና መለኮሻውን ግን እዚህ የሚሠራ የለም። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ እንኳ አይጣልም ነበር። ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት በብዛት የያዘው እንዲህ ያለውን፣ ግማሹ የፋብሪካ፣ ግማሹ ደግሞ የቤት ሊሆን የሚችል ጥይት ነው።

መንገዱን የዘጋው ጭስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ለበልን ስታወጣ የአረሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ600 ሜትር አለፈ። በዚህ ፍጥነት የተራቆተ እርሳስ ቦዩን መያዝ አይችልም፤ ይላጣል፣ በርሜሉንም ይደፍናል። መፍትሔውን ስዊዛዊው ኤድዋርድ ሩቢን ቀደም ብሎ በ1882 አዘጋጅቶት ነበር፤ እርሳሱን የመዳብ ልባስ ማልበስ። መዳብ ደግሞ የሚቀልጠው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ልባስ ለማድረግም በማሽን መሳብና በልክ መቅረጽ ይጠይቃል። ጭስ አልባው ባሩድም የኬሚስትሪ ፋብሪካ ሥራ ነው። ዲሞትፈር፣ ቤልጅግ ወይም ምንሽር የሚባል ጠመንጃ እጁ የገባ ገበሬ አያቱ ካሰቡት በላይ አርቆ የሚመታ መሣሪያ አገኘ። ጥይቱ ሲያልቅበት ግን ከአያቱ ይልቅ ባዶ እጁን ቀረ።

የዚህን ዋጋ በ1927 እና 1928 ዓ.ም. ከፈልነው። ጣልያን ስትዘጋጅ አውሮፓውያን የጦር መሣሪያ ሽያጭ ከለከሉን፤ ክልከላው ለሁለቱም ወገን ነው ቢባልም ፋብሪካ ያለው አንደኛው ወገን ብቻ ነበር። በአርበኝነቱ ዘመን የሰሜን ሸዋ ተዋጊ ጥይቱን የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ ወይም የውስጥ አርበኞች ከአዲስ አበባ ደብቀው ልከውለት ነው። እነ ሸዋረገድ ገድሌ የታሰሩትና የተገረፉት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ ዘረት አለ። የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከሴትና ከሕፃን፣ ከሽማግሌና ከቁስለኛ ጋር በሰሜን ሸዋ ዋሻ ውስጥ ተከበው የጣልያን ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት መካከል ብዙ መቶ ወንዶች ተረሸኑ። ጉዳዩን ጣልያናዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚንዮኒ ከጦሩ ሰነዶች አውጥቶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ይፋ አደረገው፤ ከዚያም ዮናታን ሣህሌ ያሉበት የአርኪዮሎጂ ቡድን ዋሻውን አጥንቷል። ወለሉ ላይ ከሰው አፅምና ከቤት ዕቃ ጋር የተለያየ አገርና ዘመን ጥይቶች ተገኝተዋል። ያ ዓይነቱ ዝንቅንቅ እንደ ሰነድ ይነበባል፤ አንድ ወጥ ስንቅ የሌለው፣ በየጠመንጃው ልክ ጥይት የሚለቃቅም ጦር ነበር።

አሁን ወደ ባለብዙ ጎኑ በርሜል። ሐሳቡ የግሎክ አይደለም። የማንቸስተሩ መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለስድስት ጎን በርሜል ሠርቶ በ1857 ከእንግሊዝ ጦር ኤንፊልድ ጋር ሲወዳደር በርቀት ዒላማ በሰፊው በልጦታል። የሚገርመው፣ ያ በርሜል እርሳስን አልጠላም። ዊትወርዝ አረሩንም ባለስድስት ጎን ጠማማ አድርጎ ስለቀረጸው ቡሎን ሙሪው ውስጥ እንደሚገባው ይገባ ነበርና መላጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጥይቱ ውድ ሆነ፣ በርሜሉም ቶሎ ይቆሽሻል ተባለ፤ የእንግሊዝ ጦር ሳይቀበለው ቀረ። ሐሳቡ እንደገና ነፍስ የዘራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ነው። በርሜልን ቦይ በቦይ ከመቅረጽ ይልቅ የቀዳዳው ቅርጽ ባለው ጠንካራ ዘንግ ላይ አድርጎ ከውጭ በመዶሻ ማሽን መቀጥቀጥ ተጀመረ፤ በዚህ አሠራር ክብ ክብ ያለ ብዙ ጎን ማውጣት ስል ቦይ ከማውጣት ይቀላል። ከዚያ በሄክለር ኤንድ ኮህ፣ በእስራኤል ጄሪኮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኦስትሪያ ጦር በ1982 (እ.ኤ.አ.) በተቀበለው በግሎክ 17 በኩል ዓለምን አዳረሰ።

ጥቅሙ እውነት ነው። ስል ማዕዘን ስለሌለው ቆሻሻ የሚደበቅበት ጥግ የለም፤ ጋዝ በጎን ብዙም አያመልጥም፤ የበርሜሉም ዕድሜ ይረዝማል። የአረሩ ልባስ ላይ የሚያርፈው ጭረትም ያነሰ ነው። ይህ ያነሰ ጭረት ግን እርሳስ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። በ9 ሚሊ ሜትሩ ፓራቤለም ጥይት ውስጥ ግፊቱ እስከ 2,350 ባር ሊደርስ ይችላል። ለስላሳው አረር በዚህ ግፊት ተመትቶ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ የሚነክሰው ጥርስ ስለሌለ ሳይዞር ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይፋቃል፤ ፍቅፋቂውም ከበርሜሉ ላይ ይለጠፋል። ቀጣዩ አረር በጠበበ ቀዳዳ ያልፋል፤ ግፊቱም እየጨመረ ይሄዳል። አደገኛነቱ ባለሽጉጡ ምንም ሳይታወቀው መከማቸቱ ነው። አሥረኛው፣ ሃያኛው ተኩስ ደህና ነበር፤ ከዚያ አንዱ ቀለሁን ቀዶ ወይም በርሜሉን ሰንጥቆ ይወጣል።

ይህን የማይቀበሉ ልምድ ያላቸው ተኳሾች አሉ፤ መከራከሪያቸውም ተራ አይደለም። ጥፋቱ የበርሜሉ ሳይሆን የአረሩ ልክ ነው ይላሉ። ባለልባሱ የ9 ሚሊ ሜትር አረር ስፋቱ 9.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳስ በዚያው ልክ ከተሠራ ጋዙ በጎኑ አምልጦ ያቀልጠዋል፤ ትንሽ ሰፋ ካለ ግን ችግሩ ይቀንሳል። ሌሎች ደግሞ ጥንካሬውን ያነሣሉ። ንጹሕ እርሳስ በብሪኔል መለኪያ 5 ገደማ ነው፤ የድሮው የመኪና ጎማ ማመዛዘኛ 12፣ የማተሚያ ቤት ሊኖታይፕ ፊደል 22። ጠንካራው ይሻላል የሚለው ግን ሁሌ አይሠራም፤ በጣም የጠነከረ አረር ቀዳዳውን ሞልቶ አይዘጋምና ጋዝ ያሳልፋል። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው። አምራቹ የሚጽፈው ለማያውቁት ሚሊዮኖች ነው፤ ልኩን አውቆ በየጥቂት ተኩሱ በርሜሉን ለሚፈትሽ አንድ ሰው ብሎ አይጽፍም። የአምራቹን ማስጠንቀቂያ ያለ በቂ ዕውቀት መናቅ የሚያስከፍለው ደግሞ ጣትና ዓይን ነው።

ከዚህ የከፋ ግን ብዙ የማይወራለት አደጋ አለ። እርሳስ ሲቀልጥ ጭሱና ዱቄቱ መርዝ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። እኛ አገር በቀላሉ የሚገኘው እርሳስ የአሮጌ መኪና ባትሪ ነው፤ የባትሪ ሰሌዳ በቤት ሲቀልጥ ከእርሳሱም የባሰ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ቤት ውስጥ፣ ለዚያውም በማጀት እሳት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ማምሻውን በዚያው እሳት እንጀራ መጋገር ማለት ልጅን በገዛ እጅ መመረዝ ነው።

ታዲያ ራቤል ላይ ይህ ክርክር ምን ይሠራል? ባለብዙ ጎን በርሜል ያለው ሽጉጥ በግሼ ገበሬ እጅ የተለመደ ነገር አይደለም። የሚታየው ክላሽንኮቭ ነው፤ እሱ ደግሞ አረሩ በብረት ልባስ ተጠቅልሎ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ የቤት እርሳስ ቦታ የሌለው መሣሪያ ነው። ሽጉጥም ቢሆን አገራችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው ማካሮቭ፣ እንዲሁም ባለፉት ዓመታት በየኬላው ተያዘ የሚባለው የቱርክ ሽጉጥ ነው። የማካሮቩ በርሜል የድሮው ባለአራት ቦይ ነው። ይሁን እንጂ በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ባለመሣሪያው ጥይቱን ከሌላ ሰው እጅ ነው የሚጠብቀው። አገር ውስጥ ያ እጅ አምቦ አጠገብ ያለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ በኮንትሮባንድ የሚገባው ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው ይህ መልክ በያዘ አገር ነው። አዋጁ ፈቃድን፣ ምዝገባንና ዝውውርን ያነሣል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መሥራትና መነገድ ወንጀል ነው። ሲጻፍ ዋናው ሥጋት ድንበር የሚያቋርጠው የጭነት መኪና መሆኑ ከአጠቃላይ መንፈሱ ይታያል፤ ያ ሥጋትም ተገቢ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር የተዘነጋ ይመስለኛል።

አንደኛው የምርመራው ጉዳይ ነው። ፖሊስ ከሟች አካል የወጣን አረር ከአንድ ሽጉጥ ጋር የሚያገናኘው በርሜሉ የተወውን ጭረት በማይክሮስኮፕ አስተያይቶ ነው። ባለብዙ ጎኑ በርሜል ስል ጠርዝ ስለሌለው የሚተወው ጭረት ፈዛዛ ነው። ይህ ያስቸገረው የማያሚ ፖሊስ አምራቹን ጠይቆ በርሜሉ ውስጥ ሆን ተብሎ ምልክት የሚያኖር አሠራር እንዲገባለት አድርጓል። መሣሪያ የሚገዛ መንግሥት እንዲህ ያለ ጥያቄ የማቅረብ ጉልበት አለው። እኛ ለፖሊስና ለጥበቃ ሽጉጥ ስንገዛ ዋጋውንና የጎራሹን አቅም እንጂ የበርሜሉን ቅርጽ የምንጠይቅ አይመስለኝም፤ ይህ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ማስረጃ ሆኖ የሚፈለግ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ፋብሪካው ለዘለዓለም ያሸነፈ የመሰለው ውድድር እንደገና መከፈቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ተኳሾቹ ለባለብዙ ጎን በርሜል መላ አግኝተውለታል፤ አረሩን ለብረት በርና ለመኪና ጎማ ቸርኬ በሚውለው የዱቄት ቀለም ቀብተው በምድጃ ሙቀት ያደርቁታል። ቀለሙ የውጅግራውን ወረቀት ሥራ ይሠራል፤ እርሳሱ ከብረቱ ጋር አይነካካም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የመዳብ ልባስ ይዞት የቆየውን ቦታ ርካሽ የጋራዥ ቀለም እየተጋራው ነው፤ ቢያንስ በሽጉጥ ፍጥነት። መለኮሻው ግን እንደ ምኒልክ ዘመኑ ከፋብሪካ እንደሚጠበቅ አለ፤ ጭስ አልባው ባሩድም እንዲሁ። ጥይትን መቆጣጠር የሚፈልግ ሕግ ስለዚህ እርሳሱን ቢያሳድድ በከንቱ ይደክማል፤ እርሳስ በየጋራዡ ደጃፍ ተከምሯል። ዓይኑን መጣል ያለበት መለኮሻውና ባሩዱ ላይ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በኬላ ሲያልፉ መጠናቸው ትንሽ፣ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ከሽጉጡ ይልቅ ከፈታሽ ዓይን ይሰወራሉ።